እትዬ መዲና ያልፈረሙት ወረቀት

የእትዬ መዲናን ሞት የሰማሁት የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ነው። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ የመምህራን ማረፊያውን በር ከፈት አድርጋ፣ "እትዬ መዲና አርፈዋል። ደሴ፣ ልጃቸው ቤት። ዛሬ ጠዋት ቀብረዋቸዋል" አለችና እዚያው በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ያህል መምህራን ነበርን። የጂኦግራፊው መምህር፣ "እንግዲህ ካርታ ማን ይሥልልናል?" አለ። ወዲያው የተናገረው ነገር አሳፈረውና አቀረቀረ። እኔ አልፈረድኩበትም። በዚያ ግቢ ውስጥ እትዬ መዲናን ከእጃቸው ሥራ ለይቶ የሚያስታውስ ሰው የለም።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከአባይ ማዶ፣ ከጎጃም፣ ተመድቤ መካነ ሰላም ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አበባ ክፍሎች ላስተምር ስዘጋጅ ርዕሰ መምህሩ፣ "ሥዕል ከፈለግህ መዲና ጋ ሂድ" አለኝ። የትምህርት መርጃ ማዕከል የሚባለው ከግቢው ጥግ ያለ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ነው። ስገባ አንዲት አጭር፣ ሰማያዊ ጋውን የለበሱ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት የተቀደደ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል በዱቄት ሙጫ እየለጠፉ ነበር።

"የምን አበባ?" አሉኝ ጉዳዬን ስነግራቸው።

"ማንኛውም አበባ ይሆናል።"

መነጽራቸውን አወለቁና በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ አዩኝ። ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። "ማንኛውም የሚባል አበባ አላውቅም" አሉ። "የአንዱን ስም ጥራልኝና እሥልልሃለሁ።"

መጽሐፉ ላይ ያለውን ጽጌረዳ ጠራሁ። ምንም ሳይሉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ወሰዱኝና አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ አጠገብ አቆሙኝ። "ቁጠረው" አሉ። አምስት ነጫጭ ቅጠሎች ያሏት ትንሽ አበባ ናት። በየቀኑ እያየሁ የማልፋት እሾሃም የአጥር ተክል የጽጌረዳ ዘመድ መሆኗን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ አላስተዋልኩም። በማግስቱ ጠዋት ሥዕሉን ሰጡኝ። ከሥሩ "ቀጋ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከስሟ ጎን ደግሞ በትንንሽ ፊደል የአንዲት ሴት ስም አለ።

"ይህቺ ማን ናት?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ፍሬው የሚበላው መቼ መቼ እንደሆነ የነገረችኝ ናት።"

እትዬ መዲና ሥዕል ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ሥራ የጀመሩት በጽዳት ሠራተኝነት ነው። አይጥ የበላቸውን የግድግዳ ሥዕሎች ከመጣል ይልቅ ቤታቸው እየወሰዱ እንደገና ይሥሏቸው እንደነበር አንድ የቀድሞ ርዕሰ መምህር ደርሶበት ማዕከሉን አስረከባቸው። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያች ክፍል አልወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ደብተራቸውን ይዘው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጫካ ይሄዱ ነበር። አስታውን፣ ጅብራውን፣ አባሎውን፣ የጫካውን ዕፅዋት ሁሉ እየሣሉ፣ በዙሪያው የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የነገሯቸውን ከሥሩ ይጽፋሉ። እስላም ክርስቲያኑን ሁሉ ያውቁታል፤ ያውቃቸዋል።

ሰው ሁሉ የሚወዳቸው ዓይነት ሴት ነበሩ ብል ግን እዋሻለሁ። ችኮ ነበሩ። ብሩሽ ለማንም አያውሱም። ነገ ይድረስልኝ የተባለ ሥዕል፣ የቅጠሉ ጥርስ ልክ አልመጣም ብለው ለሳምንት ያቆያሉ። አንድ ጊዜ የወረዳው ኃላፊዎች ሊጎበኙ መጥተው አንዱ፣ "ይህን ጭላዳ ትንሽ ፈገግ ብታደርጊው" ቢላቸው፣ "ጭላዳ ጥርሱን ሲያሳይ ተቆጥቶ ነው" ብለውት ጉብኝቱ እዚያ ላይ አለቀ።

ሥዕሎቻቸውን ፎቶ አንስቼ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መልቀቅ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ፈቅደውልኛል። "ሰው አይቶ የሚማርበት ከሆነ ልቀቀው፤ ስማቸውን ግን አትቁረጥ" አሉኝ። ስማቸው ያሉት የራሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ከሥር የተጻፉትን የነጋሪዎቹን ስም ጭምር ነው። እኔ እንደዚያው ለቀቅሁት። ከሁሉም የተወደደችው የኮሶዋ ሥዕል ነበረች። ወንዴውና ሴቴው ኮሶ ጎን ለጎን፣ የሴቴው አበባ ቀልቶ እንደ ዘለላ ወደ ታች ተንዠርግጎ። በጥቂት ወራት ውስጥ እኔ የማላውቃቸው ገጾች ላይ አየኋት። የባህል መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያ ላይ አየኋት። አንድ የሆቴል ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትማ አየኋት። አብዛኞቹ ላይ ስሞቹ ተቆርጠዋል።

እኔ ተናደድኩ። እትዬ መዲናም ተከፍተዋል፤ ግን የእሳቸው መከፋት እንደኔ አልነበረም። ስልኬ ላይ አንድ በአንድ እያዩ፣ "ይሄኛው ሊያስተምርበት ነው። ይሄኛው ሊነግድበት ነው። ይሄኛው ደግሞ ቆንጆ ሆናበት ነው" እያሉ ይለዩ ነበር።

በዚያው ሰሞን በፌስቡክ አንድ መልእክት ደረሰኝ። የላከው አዲስ አበባ ያለ የአንድ የውጭ ድርጅት ወኪል ነው። ድርጅቱ የሠዓሊዎችንና የፎቶ አንሺዎችን ሥራ በኮምፒውተር ፍለጋ እየተከታተለ፣ ያለ ፈቃድ የተጠቀመውን ሰው ደብዳቤ እየጻፈ ካሳ ያስከፍላል፤ ከሚገኘው ለባለቤቱ ያካፍላል። ከሠዓሊዋ የሚጠበቀው መፈረም ብቻ ነው። እየሮጥኩ ወደ ማዕከሉ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ውሉን አምጣው" አሉ።

ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዘጠኝ ገጽ ነበር። ዋናውን ሐሳብ ልነግራቸው ስጀምር አስቆሙኝ። "ከላይ ጀምረህ እያንዳንዷን ንገረኝ።" ደብተራቸውን ከፈቱ። እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እየጻፉ፣ ለአራት ቀን ያህል ከሰዓት ከሰዓት ተቀመጥን። ተሰላችቼ መስመር ብዘል በአውራ ጣታቸው ጥፍር ወረቀቱን መታ መታ ያደርጋሉ፤ እመለሳለሁ።

አንደኛው አንቀጽ ላይ፣ ሥዕሎቹ የእሳቸው ብቻ ሥራ መሆናቸውን ያረጋግጣሉ ይላል።

"ብቻዬን?" አሉ።

"የሣሉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።"

"መሣሉንስ ሣልኩ። ሴቴና ወንዴውን እንድለይ ያደረጉኝስ? እነሱ ምን ሊባሉ ነው?"

"ሕጉ እነሱን አይመለከትም።"

"ሕጉን አላልኩህም። ወረቀቱ ላይ 'ብቻዬን' ብዬ ልፈርም ነው ወይ ነው የምልህ።"

ሌላው አንቀጽ ላይ፣ ማን ላይ ደብዳቤ እንደሚጻፍ የሚወስነው ድርጅቱ ነው ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ፣ ጉዳዩ ከተጀመረ በኋላ ባለቤቷ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ልትተወው አትችልም ይላል። ይህንን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ሀቁ የእኔ አይደለም ወይ?" አሉ በመጨረሻ።

"የእርስዎ ነው።"

"የእኔ ከሆነ እንዴት ነው እኔ አፉ ብዬ መተው የማልችለው?"

ወኪሉን ራሱን እንዲጠይቁት ስልክ ደወልኩላቸው። ትሁት ሰው ነበር። "ወይዘሮ መዲና፣ ብዙ ሠዓሊዎች ተጠቅመውበታል። እርስዎ ምንም አይደክሙም" አላቸው።

"አላህ ይስጥልኝ ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውዬው ሌባ ይሁን አስተማሪ ይሁን ለይቶ የሚያየው ማን ነው?"

"ሲስተሙ ሥዕሉ የት እንዳለ ያገኘዋል።"

"የት እንዳለማ አገኘው። ሰውዬውንስ?"

ወኪሉ፣ "እሱን ወደ ውጭ ጽፌ ልጠይቅልዎ" አላቸው። መልሱ ሳይመጣ ቀረ። እትዬ መዲና ስልኩን ሲመልሱልኝ፣ "ልጁ ክፉ አይደለም" አሉ። "የሚሸጠውን ዕቃ እሱም አገላብጦ አላየውም። አልፈርምም ታደለ። ለጊዜው ይቆይ።"

እኔ ግን አልቆየሁም። እዚህ ላይ ስደርስ አሁንም ያመኛል። ሴትዮዋ በጽዳትና በሙጫ ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ሰው በእጃቸው ሥራ ሲከብር እያየሁ፣ መጠንቀቃቸው እንደ ግትርነት ታየኝ። የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ "ነጻ ሙከራ" የሚል አለ። ሥዕሉን ብትጭን የት የት እንዳለ ያሳይሃል። አንድ የዕረፍት ቀን፣ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የኮሶዋንና ሌሎች አምስት ሥዕሎችን ጫንኩ። የባለቤቷን ስም ጠየቀኝ፤ የእሳቸውን ጻፍኩ። ከዚያ "የሥራው ባለቤት ነኝ ወይም ከባለቤቱ ውክልና አለኝ" የሚል ሳጥን መጣ፤ ምልክት አደረግሁ። ቀጥሎ "የሚገኙ ጥሰቶችን ድርጅቱ እንዲከታተል እስማማለሁ" የሚል መጣ። አላነበብኩትም ብል ውሸት ነው። አነበብኩት፤ ሙከራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በሁለተኛው የዕረፍት ሰዓት፣ እትዬ መዲና የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሙ። እዚያ ክፍል ገብተው አያውቁም ነበር። መነጽራቸው በእጃቸው ነው።

"ታደለ" አሉ፣ "እኔ ሰው ከስሻለሁ?"

ከወግዲ አንድ መምህር ስልካቸውን አፈላልጎ ደውሎላቸዋል። ጌትነት ይባላል፤ ገጠር ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ለተማሪዎቹ ብሎ በከፈተው የቴሌግራም ገጽ ላይ የኮሶዋን ሥዕል ለጥፎ ነበር። በኢሜይል ደብዳቤ ደረሰው። የመዲናን መብት ጥሰሃል፣ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ካልከፈልክ በሕግ ትጠየቃለህ ይላል። የተጠየቀው ከሁለት ወር ደመወዙ ይበልጣል። "እትዬ፣ ምን በደልኩዎ?" ነበር ያላቸው።

መምህራኑ ሁሉ እያዩኝ ተነሥቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆመን ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። "ስሜን ጽፈህ?" አሉ ብቻ። "አዎ" አልኩ። ሄዱ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። አርብ ማታ መውጫ ላይ ጠብቀውኝ፣ "ነገ ወግዲ እንሄዳለን" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ ያው ነው፤ እየዘለልን፣ አቧራውን እየጠጣን። እሳቸው አንድ የተጠቀለለ ከረጢት ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "እዚያ ስንደርስ የምትናገረው አንተ ነህ" አሉኝ። "መግቢያውንም አልናገርልህም።"

ከወግዲ ከተማ ወጥተን ጥቂት በእግር ከሄድን በኋላ ትምህርት ቤቱ ደረስን። መምህር ጌትነት ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ከሲታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። እትዬ መዲናን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ አጎንብሶ ሰላም አላቸው። ወደ መማሪያ ክፍሉ አስገብቶን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጣቸው። ግድግዳው ላይ ሥዕሉን አሳትሞ ለጥፎት የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ወረቀቱን ገንጥሎ የሙጫው ቅሪት ብቻ ቀርቷል። የቴሌግራም ገጹንም ዘግቶታል።

"እትዬ" አለ፣ "ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ አሁን በአንድ ጊዜ አይሆንልኝም እንጂ በየወሩ እየከፈልኩ..."

እትዬ መዲና ወደ እኔ ዞሩ። ጌትነትም ተከትሎ አየኝ። እሳቸው አልረዱኝም። እጃቸውን ከረጢታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። በመጨረሻ፣ "እሳቸው አያውቁም። ደብዳቤውን ያስላክሁብህ እኔ ነኝ። ውክልና ሳይሰጡኝ አለኝ ብዬ ነው" አልኩ። የቀረውን እንዴት እንደተናገርኩት አላስታውስም፤ ጨረስኩት።

ጌትነት አልተቆጣም። የባሰው ይህ ነበር። ወደ እሳቸው ዞሮ፣ "እኔ ገንዘቡ አይደለም ያሳመመኝ" አለ። "ለልጆቹ፣ ይህቺን የሣሉት እዚሁ መካነ ሰላም ያሉ እናት ናቸው እያልኩ ነው የማሳያቸው። ስምዎን ከነነጋሪው ስም ከሥር እንዳለ ትቼው ነበር። ደብዳቤው ላይ ያንኑ ስም ሳየው ነው እንቅልፍ ያጣሁት።"

እትዬ መዲና ያኔ ተናገሩ። "ሥዕሉ የእኔ ነው። ጥፋቱም ከእኔ ቤት ወጥቶ ነው አንተ ጋ የደረሰው። አፉ በለን።"

"አፉ ብያለሁ እትዬ። ኧረ እኔን አይለምኑኝ።"

"እሱንም?"

ጌትነት አየኝ። "እሱንም" አለ።

ከዚያ ከረጢታቸውን ፈቱ። ቀለም፣ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ የድሮ ጠርሙስ። ውኃ አስመጡና ወንበር ላይ ቆመው ግድግዳው ላይ፣ ወረቀቱ የተገነጠለበት ቦታ ላይ፣ ኮሶዋን መሣል ጀመሩ። ወንበሩን እኔና ጌትነት ከሁለት በኩል ይዘንላቸው ቆምን። ምሳ እንብላ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከሰዓቱ ገፋ ሲል ጨረሱ። ከሥሩ የራሳቸውንና የነጋሪዎቹን ስም ከጻፉ በኋላ አንድ መስመር ጨመሩ፤ "ለሚያስተምርና ለሚማር ሁሉ የተፈቀደ"። ጌትነት ቆሞ አነበበውና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

ስንመለስ ሚኒባስ አጥተን አንድ እህል የጫነ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ አስገባን። እትዬ መዲና ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እጃቸው ላይ ቀይ ቀለም ደርቆ ነበር።

ሰኞ ዕለት ለድርጅቱ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን አዘጋጀን። እሳቸው ውክልና እንዳልሰጡ የሚገልጸውን ራሳቸው በአማርኛ ጽፈው ፈረሙ፤ ተርጉሜ አያይዤ ላክሁ። የእኔን ክፍል ግን እንድጽፈው ተዉልኝ። "በስህተት ውክልና አለኝ ብዬ ነበር" ብዬ ጽፌ አነበብኩላቸው።

"በስህተት ነው ያልከው?"

"ለማለት ያህል ነው።"

"ብትሳሳት ኖሮ በስህተት ትላለህ" አሉ። "ዋሸሁ ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ። ድርጅቱ መጀመሪያ በውሉ መሠረት ሦስት ወር መጠበቅ አለባችሁ የሚል መልስ ላከ። እሳቸው የፈረምኩት ውል የለኝም ብለው በየሳምንቱ ያንኑ ደብዳቤ ሲያስልኩኝ ቆይተው፣ በአምስተኛው ላይ ጉዳዩ መዘጋቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት መጣ። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ የደረሳቸውን አሥራ አንድ ሰዎች ዝርዝር አግኝተን፣ እትዬ መዲና አንድ በአንድ ደወሉላቸው። ማሻ ያለች አንዲት ነርስ፣ የእጅ ሥራ የምትሸጥ ሴት፣ ኮምቦልቻ ያለ ጡረተኛ። "አብሽር፣ የእኔ ደብዳቤ አይደለም፤ ቅደደው" ይሉ ነበር። የባህል መድኃኒት ሻጩን ግን፣ "አንተን ቅደደው አልልህም። ሥዕሌን አውርደው። ኮሶውን እንዲህ አድርገህ የምታጠጣ ከሆነ ሰው ትገድላለህ" አሉት። አወረደው።

ስለ እኔ ጥፋት ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔም አንሥተውት አያውቁም። ግን ሥዕሎቻቸውን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ያዙ። ለትምህርት ስፈልግ ያወጡልኛል፤ ስጨርስ ቆመው ይቀበሉኛል። አራት ወር እንዲህ ኖርን። እያንዳንዷ ቀን ትከብደኝ ነበር።

አንድ ቀን ከደሴ የመጣ መምህር አዲስ የታተመ የልጆች መጽሐፍ ይዞ መጣ። የአገራችንን ዕፅዋት የሚያስተምር፣ አዲስ አበባ የታተመ፣ በየመደብሩ የሚሸጥ መጽሐፍ ነው። ስድስት የእትዬ መዲና ሥዕሎች አሉበት። ሽፋኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ነው ያለው። ወኪሉ ይህን በምን እንደሰማ አላውቅም፣ በዚያው ሳምንት ደወለና፣ "ለዚህ ዓይነቱ ነው እኛ የምናስፈልጋችሁ" አለኝ። እውነት ለመናገር በልቤ እሱ ልክ ነው አልኩ። ገጠር ያለ አስተማሪና አሳታሚ አንድ አይደሉም። እትዬ መዲና እንዳይቆጡኝ እየፈራሁ ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። "ይሄኛውማ ሀቄ ነው። አልተውለትም" አሉ። "ግን የራሴን ሰው ራሴ ነው የማናግረው።" ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና ቁልፉን አወጡ። "ና እስኪ፣ ስልክህን ይዘህ። ዋናዎቹን ሥዕሎች ፎቶ አንሳልኝ።"

ቁም ሣጥኑን ከፍተው ለእኔ ተዉልኝና ሻይ ለመጠጣት ወጡ። ብቻዬን ከሥዕሎቹ ጋር ቀረሁ። ያን ዕለት ከሥር ያሉት ስሞች እንዳይቆረጡ እያንዳንዱን ደጋግሜ አነሣሁ።

ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያለ አንድ ዐቃቤ ሕግ መከራቸው። የዋናዎቹን ሥዕሎች ፎቶ፣ የሣሉበትን ቀን የጻፉበትን ደብተር ቅጂ፣ ሁሉንም አያይዘው ለአሳታሚው በአደራ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ የለም። ደገሙ። መልስ የለም። በሦስተኛው የፍርድ ቤቱን መንገድ እንደሚያውቁት ጻፉና ዐቃቤ ሕጉ ያረቀቀላቸውን ክስ ቅጂ ጨመሩበት። የአሳታሚው አርታኢ ራሱ ደወለ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው፤ ባለቤት ያለው አልመሰለንም" አላቸው።

"ሰው ካልሣለው ማን የሣለው መሰለህ?" አሉት፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ። አርታኢው ይቅርታ ጠየቀ። ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

ሦስት ነገር ጠየቁ። የሚገባቸው ክፍያ፤ ቀጣዩ ኅትመት ላይ ስማቸው፤ ከስማቸው ሥር ደግሞ የነጋሪዎቹ ስም ሙሉ በሙሉ። ክፍያውን ወዲያው እሺ አላቸው። ሦስተኛው ላይ አንገራገረ፤ ስሞቹ አሥራ አራት ናቸው፣ ገጽ ይፈጃል አለ። እትዬ መዲና፣ "እንግዲያው ክፍያዬን ቀንስና ገጹን ግዛበት" አሉት። አርታኢው ሳቀና ተስማማ። ክፍያውንም አልቀነሰም። ገንዘቡ ሲመጣ ተቀብለው ሀላሌ ነው ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ለማንም አላካፈሉም፣ ለማንም አላስረዱም።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ወዲያው ታመሙና ልጃቸው ደሴ ወሰደቻቸው። በስልክ እንገናኝ ነበር። የመጨረሻው ጊዜ ላይ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ግን አዲሱ የመጽሐፉ ኅትመት ገና እንዳልወጣ ሲሰሙ፣ "ይወጣል። ቃሉን ሲሰጠኝ ሰምተሃል" አሉኝ።

መጽሐፉ ትምህርት ቤታችን የደረሰው ከሞቱ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ሦስት ቅጂ የያዘው ፖስታ ላይ የተጻፈው የእሳቸው ስም ነው፤ ጸሐፊዋ ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት ለእኔ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሥዕል፦ መዲና ይላል። ከሥሩ አሥራ አራቱ ስሞች፣ አንድም ሳይጎድል። አንዱን ቅጂ ለልጃቸው ደሴ ላክሁ። አንዱን ለጌትነት። ሌላውን ይዤ አንድ ቅዳሜ ወደ ጫካው ጥግ ሄድኩ፤ ከአሥራ አራቱ በሕይወት ያሉት ብዙ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

አያ ይመርን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ደጅ የአጥር እንጨት ሲጠርቡ ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያውን የዘለለ፣ ጆሯቸው ግን ደህና የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ወንዴና ሴቴውን ኮሶ መጀመሪያ ለእትዬ መዲና የለዩላቸው እሳቸው ናቸው። መዲና ማረፋቸውን ሰምተዋል፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዱዓ አደረጉላቸው። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቼ ስሞቹን አነበብኩላቸው። የራሳቸው ጋ ስደርስ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"እስኪ መልሰህ ጥራው።"

መልሼ አነበብኩት።

"የአባቴንም ስም ጽፋዋለች?"

"ጽፈዋል። ይመር አሊ ይላል።"

ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጣታቸውን ከዚያ አላነሡም። ስማቸው በመጽሐፍ ታትሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ያስደነግጣቸው ይሆናል ብዬ፣ "እንደሚወጣ ያውቁ ነበር?" ስል ጠየቅኋቸው።

"እንዴት አላውቅም?" አሉ አያ ይመር። "እዚህ እደጄ ቁጭ ብላ፣ 'አያ፣ የነገሩኝን ልጻፈው? ስምዎንስ ላድርገው?' ብላ ጠይቃኛለች እኮ። ጻፊው አልኳት።"